ትምህርት ሳይቋረጥ ትምህርት ቤትን ማደስ፡ ከእቅድ እስከ ርክክብ

ለትምህርት ጥራት መረጋገጥ ከሚያስፈልጉ ጉዳዮች መካከል ምቹ የመማሪያ አካባቢ አንዱ መሆኑ እሙን ነው። ጣሪያው በሚያፈስ፣ መስኮቱ በተሰባበረና ወለሉ በተቦረቦረ ክፍል ውስጥ የመምህሩ ብቃትም ሆነ የመጽሐፉ ጥራት የሚጠበቅበትን ውጤት ሊያስገኝ አይችልም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ወደ ተግባር የገባው የትምህርት ቤቶች መሻሻል መርሐ ግብርም ከመማር ማስተማር፣ ከትምህርት ቤት አመራርና ከኅብረተሰብ ተሳትፎ ጋር ምቹና ደህንነቱ የተጠበቀ የትምህርት አካባቢን ከአራቱ ዐበይት ርዕሰ ጉዳዮቹ አንዱ አድርጎ መያዙ በዚሁ ምክንያት ነበር።

ይሁን እንጂ በአገሪቱ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ሲመዘኑ አብዛኞቹ ከሚጠበቀው ደረጃ በታች ሆነው መገኘታቸውን የትምህርት ሚኒስቴር በተደጋጋሚ ይፋ አድርጓል። በምዘናው ከአራቱ ደረጃዎች ሦስተኛና አራተኛ ላይ የደረሱት መስፈርቱን እንዳሟሉ የሚቆጠሩ ሲሆን፣ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያሉት መሻሻል የሚገባቸው ናቸው። ይህንኑ ለመለወጥ «ትምህርት ለትውልድ» በሚል መጠሪያ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ንቅናቄ ኅብረተሰቡን በገንዘብ፣ በቁሳቁስና በጉልበት በማሳተፍ በርካታ ትምህርት ቤቶች እንዲታደሱና እንዲገነቡ በማድረግ ላይ ይገኛል።

የእድሳቱ አስፈላጊነት አያከራክርም። ተገቢውን ትኩረት ያላገኘው ጉዳይ ግን እድሳቱ የሚካሄድባቸው ሕንፃዎች ባዶ አለመሆናቸው ነው። በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥ በአንድ ወገን ቆርቆሮ ሲነሳ፣ በሌላው ወገን ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ይከታተላሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ተፈታኞች በ2014 3 ነጥብ 3 በመቶ፣ በ2015 3 ነጥብ 2 በመቶ፣ በ2016 5 ነጥብ 4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8 ነጥብ 4 በመቶ እንደነበሩ ይታወቃል። መሻሻሉ አበረታች ቢሆንም፣ በዚህ ደረጃ ላይ ለሚገኙ ተማሪዎች በግንባታ ሰበብ የሚባክን አንድ ወር እንኳ ዋጋው ከፍተኛ ነው። በመሆኑም ትምህርት ቤትን የማደስ ሥራ የመማር ማስተማሩን ሂደት ሳያውክ እንዴት ሊከናወን እንደሚችል በቅጡ መመርመር ያስፈልጋል።

ክረምቱ ብቻውን ለምን አይበቃም?

በብዙዎች ዘንድ የሚቀርበው የመጀመሪያ ሐሳብ እድሳቱን ተማሪዎች በሌሉበት በክረምት ወራት ማጠናቀቅ የሚል ነው። ይህ አካሄድ መጠነኛ ጥገና ለሚያስፈልጋቸው ትምህርት ቤቶች የሚሠራ መሆኑ አይካድም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም ክረምት በመዲናዋ በሚገኙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያካሄደው መጠነ ሰፊ እድሳት ለዚህ በአብነት ይጠቀሳል። ቀለም መቀባት፣ በርና መስኮት መጠገን፣ መቀመጫዎችን ማደስና ግቢን ማስዋብ በሁለት ወራት ርብርብ ሊከናወኑ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው።

ጉዳዩ ጣሪያን መቀየርን፣ መሠረትንና ምሰሶን ማጠናከርን፣ የኤሌክትሪክና የውኃ መስመርን እንዳለ መተካትን፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍትን ማስፋፋትን ሲጨምር ግን ሁኔታው ይለወጣል። በአብዛኛው የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ አካባቢ ትምህርት ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ወቅትና ዋናው ዝናብ የሚጥልበት ወቅት አንድ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቆርቆሮ ማንሳት ግድግዳውንና ወለሉን ለዝናብ ማጋለጥ ይሆናል። የመሠረት ጉድጓድ ውኃ ይቋጥራል፣ አሸዋና ጠጠር የሚያመላልሱ ከባድ ተሽከርካሪዎች በጭቃ ይያዛሉ። ባልደረቀ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ ዓመት ሳይሞላው መላላጡ አይቀርም።

ከዚህም ባሻገር የግንባታ ሥራ በራሱ ጊዜ የሚሄድባቸው ደረጃዎች አሉት። የተሞላ ኮንክሪት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ያህል ውኃ እየጠጣ መቆየት ያለበት ሲሆን፣ ጥንካሬው የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። ይህንን ጊዜ በርብርብ ማሳጠር አይቻልም። መስከረም ደርሷል በሚል ጥድፊያ የተጠናቀቀ ሥራ በቀጣዩ ክረምት ተመልሶ ጥገና የሚጠይቅ ከሆነ፣ የተገኘው ውጤት ወጪን መድገም ብቻ ይሆናል።

በዚህ ረገድ አገሪቱ አንድ ወጥ የአየር ጠባይ የሌላት መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በቦረናና በሶማሌ ክልል አካባቢዎች ዋነኛዎቹ የዝናብ ወቅቶች ከመጋቢት እስከ ግንቦት እንዲሁም በመጸው ወራት በመሆናቸው የክረምቱ የትምህርት ዕረፍት ለግንባታ አመቺ ደረቅ ጊዜ ነው። የበልግ ዝናብ በሚያገኙ አካባቢዎች ደግሞ ከየካቲት በኋላ ያለው ጊዜ ጥንቃቄ ይሻል። ስለሆነም ከማዕከል ለሁሉም አካባቢ አንድ ዓይነት የእድሳት መርሐ ግብር ማውረድ የሚያስገኘው ጥቅም ውስን ነው።

የበጀት ዓመቱና የትምህርት ዓመቱ

ከዝናቡ ቀጥሎ የሚመጣው፣ በመንግሥት ሠራተኞች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ችግር የበጀት አጠቃቀም ሂደት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይጠናቀቃል። በጀቱ በየደረጃው በሚገኙ ምክር ቤቶች ጸድቆና ተደልድሎ ወደ አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት ሲደርስ ክረምቱ ይጋመሳል። ከዚያ በኋላ ጥናትና ዲዛይን ማዘጋጀት፣ የጨረታ ሰነድ ማውጣት፣ ተጫራቾችን መገምገም፣ ቅሬታ ካለ ማስተናገድ፣ ውል መፈረምና ቅድሚያ ክፍያ መልቀቅ ይከተላሉ። እነዚህ ሁሉ ሕጉ የሚያዛቸውና ለሕዝብ ሀብት ጥበቃ ሲባል ሊታለፉ የማይገባቸው እርምጃዎች ናቸው።

ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ሥራ ተቋራጩ ቦታውን የሚረከበው አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ፣ ማለትም ተማሪዎች የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ትምህርት በማጋመስ ላይ ሳሉ ይሆናል። ቀጣዩ ክረምት ሲገባ ደግሞ የበጀት መዝጊያው ደርሶ ጥቅም ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ የሚደረግበት ጊዜ ነው። በመሆኑም በወረቀት ላይ «በክረምት ይከናወናል» ተብሎ የታቀደው እድሳት በተግባር በትምህርት ወራት መሐል ያርፋል። ለዚህ ሁኔታ አስቀድሞ የተዘጋጀ የመማሪያ ክፍል፣ የተከለለ መተላለፊያ ወይም የተስማሙበት የሥራ ሰዓት ስለማይኖር ርዕሰ መምህሩና ሥራ ተቋራጩ በየዕለቱ በሚፈጠር ችግር ላይ ሲነጋገሩ ይከርማሉ።

ከዚህ የሚወሰደው ግንዛቤ እድሳትና ትምህርት ጎን ለጎን መሄዳቸው በአገራችን ተጨባጭ ሁኔታ እንግዳ አጋጣሚ አለመሆኑ ነው። ዋና የጣሪያና የመዋቅር ሥራ በደረቁ ወራት፣ ማለትም ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ መከናወኑ የማይቀር ከሆነ፣ እቅዱ ከመነሻው ይህንን አምኖ ሊነሳ ይገባል። ለዚህም ዋነኛው መፍትሔ ጥናቱን፣ ዲዛይኑንና የጨረታ ሰነዱን ግንባታው ከሚካሄድበት አንድ የበጀት ዓመት ቀደም ብሎ ማጠናቀቅ ነው። ሐምሌ ላይ በጀቱ ሲፈቀድ የተዘጋጀ ሰነድ ያለው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ክረምቱን ለጨረታና ለውል በማዋል በመስከረም መጨረሻ ዝናቡ ሲያባራ ሥራውን ማስጀመር ይችላል። ለዲዛይን ቀድሞ የሚመደበው ገንዘብ ከጠቅላላ ወጪው አንጻር አነስተኛ ሲሆን፣ የሚያተርፈው ጊዜ ግን እስከ ሦስትና አራት ወር ሊደርስ ይችላል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

በአገልግሎት ላይ ያለ ትምህርት ቤትን የማደስ ጥያቄ የገጠማቸው አገሮች ብዙ ናቸው። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት የምትገኘው የፖርትላንድ ከተማ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2012 ለትምህርት ቤቶች እድሳት የሚውል የ482 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ በድምፃቸው ካጸደቁ በኋላ፣ ዕድሜያቸው ወደ መቶ ዓመት የተጠጋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ተራ በተራ ማደስ ተጀምሯል። በዚህ ሂደት ሦስት የተለያዩ አማራጮች ሥራ ላይ ውለዋል።

የመጀመሪያው በሩዝቬልት ትምህርት ቤት የተተገበረው ሲሆን፣ ተማሪዎቹ ከግቢው ሳይወጡ ሥራው በምዕራፍ ተከፋፍሎ ተከናውኗል። ሁለተኛው የፍራንክሊን ትምህርት ቤት አማራጭ ነው። ተማሪዎቹና መምህራኑ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2017 ማርሻል ወደተባለ፣ ለሌላ አገልግሎት ወዳልዋለ ቅጥር ግቢ ተዛውረው ሕንፃቸው ከታደሰ በኋላ ተመልሰዋል። ይኸው ግቢ ፍራንክሊንን ተከትለው ለታደሱ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም በተራ አገልግሏል። ሦስተኛው የሊንከን ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ተማሪዎቹ በነባሩ ሕንፃ እየተማሩ አዲሱ በስፖርት ሜዳው ላይ ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ጀምሯል። ከዚያ በኋላ አሮጌው ሕንፃ ፈርሷል።

የፖርቱጋል ተሞክሮ ደግሞ ለመልካሙም ሆነ ለጥንቃቄው ትምህርት የሚሰጥ ነው። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 ፓርኬ እሽኮላር የተሰኘ የሕዝብ ድርጅት በማቋቋም እስከ 2015 ድረስ 332 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለማዘመን አቅዶ ነበር። ሥራው የተከናወነው በአብዛኛው ተማሪዎች በግቢው ውስጥ እንዳሉ፣ ከፊሎቹን ወደ ጊዜያዊ ተገጣጣሚ ክፍሎች በማዛወር ነው። በዚህ መንገድ ብዙ ትምህርት ቤቶች በላቀ ጥራት ታድሰዋል። ይሁንና የየትምህርት ቤቱ ወጪ ከመነሻ ግምቱ በእጅጉ በመናሩና አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2011 የገንዘብ ቀውስ ውስጥ በመግባቷ የቀሩት ሥራዎች እንዲቆሙ ተደርጓል። ተራቸውን ሲጠባበቁ ከነበሩት መካከል በፖርቶ ከተማ የሚገኘው የአሌሻንድሬ ኤርኩላኖ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2017 ዝናብ ወደ ክፍሎቹ በመግባቱ ለጊዜው ለመዘጋት ተገዷል።

ከሁለቱም አገሮች የሚገኘው ትምህርት ተመሳሳይ ነው። የትኛውም አማራጭ ቢመረጥ ተማሪው በግንባታው ወራት የሚቀመጥበት ቦታ ከመጀመሪያው ዕለት አንስቶ የፕሮጀክቱ አካል ሊሆን ይገባል። በተጨማሪም በአንድ ጊዜ ብዙ ጀምሮ ሁሉንም በእንጥልጥል ከማቆየት፣ ጥቂት ጀምሮ ማጠናቀቅ ጉዳቱን ይቀንሳል። ሲሚንቶና ብረት በየጊዜው ዋጋቸው በሚቀያየርበት፣ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ ላይ እንዲመሠረት ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ዕቃዎች ዋጋ በጨመረበት በአገራችን ሁኔታ ይህ ማሳሰቢያ ይበልጥ ክብደት አለው።

ብሎክ በብሎክ የሚከናወን እድሳት

የአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሠራር ለዚህ ዓይነቱ እቅድ የሚያመች ጠባይ አለው። ከትልልቅ ከተሞች ውጪ ያሉት አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች አንድ ግዙፍ ሕንፃ ሳይሆኑ እርስ በርስ የተነጣጠሉ፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት መማሪያ ክፍሎች ያሏቸው ብሎኮች ስብስብ ናቸው። ይህም አንዱን ዘግቶ ሌሎቹን በሥራ ላይ ለማቆየት ያስችላል።

ጉዳዩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ስድስት ብሎኮች ያሉትና በእያንዳንዱ ብሎክ አራት ክፍሎች የያዘ ትምህርት ቤት 24 መማሪያ ክፍሎች ይኖሩታል። በአንድ ክፍል 40 ተማሪዎች ቢማሩ ጠቅላላ የተማሪዎች ብዛት 960 ይሆናል። አንድ ብሎክ ለእድሳት ሲዘጋ ቦታ የሚፈለግላቸው ተማሪዎች 160 ብቻ ናቸው። የአንድ ብሎክ እድሳት ሁለት ወር ይፈጃል ቢባል፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ስምንት ወራት አራት ብሎኮችን በተራ ማጠናቀቅ ይቻላል። የተቀሩት ሁለቱ በቀጣዩ ዓመት ይታደሳሉ። ጣሪያቸው የተከደነ ብሎኮች የውስጥ ሥራ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ፣ የኮርኒስና የወለል ሥራ ወደ ክረምቱ ሊሸጋገር ይችላል። በዚህ አኳኋን ደረቁም ሆነ ዝናባማው ወቅት ለሚስማማው ሥራ ይውላል።

እነዚያን 160 ተማሪዎች የት ማስተማር ይቻላል የሚለው ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። በተለምዶ የሚወሰደው እርምጃ ቤተ መጻሕፍቱን ወይም ቤተ ሙከራውን ወደ መማሪያ ክፍልነት መቀየር ነው። ይህ ውሳኔ ለአስተዳደሩ የሚቀል ቢሆንም የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በእጅጉ ይጎዳል። ለጊዜው ተብሎ የተከማቸ ወንበር ከቤተ ሙከራው ሳይወጣ ዓመታት የሚቆይበት አጋጣሚም አለ። በፈረቃ ማስተማር ሁለተኛው አማራጭ ነው። ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመጋቢት 2012 ዓ.ም ተዘግተው በ2013 ዓ.ም ሲከፈቱ በአንድ ክፍል የሚቀመጡ ተማሪዎችን በመቀነስ በፈረቃ የማስተማር ልምድ በመገኘቱ፣ ርዕሳነ መምህራን ለአሠራሩ እንግዳ አይደሉም። ሆኖም ፈረቃው መላውን ትምህርት ቤት ሳይሆን ብሎካቸው የተዘጋባቸውን ክፍሎች ብቻ ቢመለከትና ተራው በየሁለት ወሩ ቢቀያየር ጫናው በአንድ የክፍል ደረጃ ላይ ብቻ አይወድቅም። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚማሩበት ብሎክ ደግሞ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እንዳይዘጋ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሰፊ ግቢ ላላቸው ትምህርት ቤቶች ከሁሉም የተሻለው መንገድ እድሳቱን አዲስ ባለ አራት ክፍል ብሎክ በመገንባት መጀመር ነው። አዲሱ ብሎክ ሲጠናቀቅ የመጀመሪያዎቹ 160 ተማሪዎች ይገቡበታል። የእነርሱ ብሎክ ታድሶ ሲያልቅ የሁለተኛው ብሎክ ተማሪዎች ይዛወራሉ። ሂደቱም በዚሁ ይቀጥላል። ለጊዜያዊ የቆርቆሮ ክፍል የሚወጣው ገንዘብ እድሳቱ ሲያበቃ የሚቀር ሲሆን፣ ለአዲሱ ብሎክ የወጣው ግን በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ አራት ተጨማሪ ክፍሎች እንዲኖሩት በማድረግ የክፍል መጨናነቅን ያቃልላል። በቆርቆሮ ብቻ የተሠራ ጊዜያዊ ክፍል በቀትር ሙቀቱ፣ በዝናብ ጊዜም ጩኸቱ ትምህርት ለመከታተል አዳጋች መሆኑ ከስሌቱ ሊወጣ አይገባም።

የተማሪዎች ደህንነትና የሥራ ሰዓት

ግንባታና ትምህርት በአንድ ግቢ ውስጥ ሲካሄዱ ቀዳሚው ጉዳይ የተማሪዎች ደህንነት ነው። ለሠራተኞችና ለግንባታ ዕቃ የተለየ በር፣ በግንባታው ዙሪያ ተማሪ ሊያልፈው የማይችል አጥር፣ በምሽት ሳይከደን የማይቀር ጉድጓድ መሠረታዊ መስፈርቶች ናቸው። አሸዋ፣ ድንጋይና ብሎኬት የሚያራግፉ መኪናዎች ተማሪዎች በሚገቡበት ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ፣ በዕረፍትና በመውጫ ሰዓት ወደ ግቢ መግባት የለባቸውም። የቀን ሠራተኞች መታወቂያ እንዲይዙ፣ የተለየ መፀዳጃ እንዲኖራቸውና ከተማሪዎች በተለይም ከሴት ተማሪዎች ጋር የሚኖራቸው ግንኙነት በግልጽ የሥነ ምግባር ደንብ እንዲመራ ማድረግም ተገቢ ነው።

መፀዳጃ ቤትን የሚመለከተው ቅደም ተከተል ለብቻው ሊጠቀስ ይገባል። አዲሱ ተጠናቆ አገልግሎት ሳይጀምር አሮጌውን ማፍረስ ለጥቂት ሳምንታት የሚዘልቅ ችግር ሊመስል ይችላል። ይሁንና በነዚህ ሳምንታት ከትምህርት ገበታቸው የሚቀሩት ሴት ተማሪዎች ናቸው። በተመሳሳይ ሁኔታ ግንባታው የትምህርት ቤቱን ውኃና መብራት የሚጋራ ከሆነ፣ ኮንክሪት ለማጠጣት የሚውለው ውኃ የተማሪዎቹን ታንከር ባዶ ያስቀራል። የብየዳ ማሽንም የቤተ ሙከራውንና የኮምፒውተር ክፍሉን ኃይል ያቋርጣል። ስለዚህ ሥራ ተቋራጩ የራሱን የውኃ ማጠራቀሚያና የኃይል ምንጭ ይዞ እንዲመጣ አስቀድሞ ማስገደድ ይሻላል።

አቧራና ጩኸትም ቀላል ጉዳዮች አይደሉም። በተለይ አሮጌ ቀለምን በመፋቅ የሚነሳው ብናኝ እርሳስ የተባለውን ንጥረ ነገር ሊይዝ ይችላል። በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረው የእርሳስ መጠን ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ገደብ አስቀምጧል። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀቡ ግድግዳዎች ግን በርካታ በመሆናቸው ፍቆቱ በውኃ እያረጠቡ፣ ተማሪዎች በሌሉበት ጊዜ መከናወን አለበት። የማፍረስ፣ የመቦርቦርና የመቁረጥ ሥራዎች ከትምህርት ሰዓት ውጪ፣ ቅዳሜና በመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ጊዜ ሲመደቡ፣ ልስን፣ ቀለምና ገጠማን የመሳሰሉ ጸጥታ የማይነሱ ሥራዎች በትምህርት ሰዓት ሊቀጥሉ ይችላሉ። በፈተና ሳምንታት ደግሞ ጩኸት ያለው ማንኛውም ሥራ መቆም ይኖርበታል።

በውሉ ያልተጻፈ ጥንቃቄ አይፈጸምም

ከላይ የተዘረዘሩት ጥንቃቄዎች ሁሉ በስብሰባ ላይ በቀላሉ ስምምነት የሚደረስባቸው ናቸው። ችግሩ የሚፈጠረው በተግባር ላይ ነው። አጥር፣ ጊዜያዊ መተላለፊያ፣ የተለየ በር፣ የውኃ ማጠራቀሚያና ከሰዓት ውጪ የሚከፈል የጉልበት ዋጋ ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃሉ። በጨረታው ሰነድ የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር ውስጥ ለየብቻቸው ካልተቀመጡ ሥራ ተቋራጩ ዋጋ አይሰጥባቸውም፣ ዋጋ ያልሰጠበትን ሥራም እንዲሠራ ማስገደድ ያስቸግራል። አነስተኛ ዋጋ ያቀረበው ተጫራች የሚያሸንፍ እንደመሆኑ፣ ስለ ተማሪዎች ደህንነት በቅንነት አስቦ ወጪውን ያካተተው ተጫራች በውድድሩ ተጎጂ ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ ሰነዱ ዝም ካለ ጥንቃቄ የጎደለው ተጫራች ተጠቃሚ ይሆናል ማለት ነው።

ሁለተኛው የውል ጉዳይ ርክክብን ይመለከታል። ሙሉው ሥራ ተጠናቆ በአንድ ጊዜ እንዲረከብ የሚደነግግ ውል ሥራ ተቋራጩ ስድስቱንም ብሎኮች በአንድ ጊዜ እንዲከፍት ይጋብዘዋል። ምክንያቱም ሠራተኞቹንና መሣሪያዎቹን በዚያ መልክ ማሰማራት ይረክስለታል። በአንጻሩ እያንዳንዱ ብሎክ የራሱ የማጠናቀቂያ ቀንና የራሱ ጊዜያዊ ርክክብ እንዲኖረው፣ ቀጣዩ ብሎክም ያለፈው ካልተረከበ እንዳይከፈት ቢደረግ፣ ክፍያውና የተማሪዎቹ ዝውውር አንድ ላይ ይሄዳሉ። የመዘግየት ቅጣት መንግሥትን በገንዘብ ሊክስ ይችላል፤ ለተማሪው ያመለጠውን ትምህርት ግን አይመልስም። ስለዚህ ውሉ ማተኮር ያለበት መዘግየት ተማሪው ላይ እንዳይደርስ በመከላከል ላይ ነው።

ሦስተኛው የሥልጣን ጥያቄ ነው። በውሉ ውስጥ አሠሪው የትምህርት ቢሮ ወይም የኮንስትራክሽን ጽሕፈት ቤት፣ ተቆጣጣሪው አማካሪ መሐንዲስ ሲሆን፣ ርዕሰ መምህሩ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ የማይነሳ ወገን ነው። ዕለት በዕለት ከግንባታው ጋር የሚኖረው ግን እርሱ ነው። ርዕሰ መምህሩ በሳምንታዊው የሥራ ግምገማ ላይ እንዲቀመጥ፣ የማዛወሪያ ቀናት በፊርማው እንዲጸኑና ለተማሪዎች አደጋ የሚያስከትል ሥራ ሲያይ በመሐንዲሱ በኩል ወዲያውኑ ማስቆም እንዲችል ማድረግ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። የወላጅ መምህር ኅብረትም የሥራውን መርሐ ግብር አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

በኅብረተሰብ መዋጮና በበጎ ፈቃድ ጉልበት የሚከናወኑ እድሳቶችም ከዚህ ሥርዓት ውጪ መሆን የለባቸውም። ለጋሾች ዓይን የሚገባ ሥራ መሥራት ይመርጣሉ፤ ቀለምና በር ከፍሳሽ መስመርና ከጣሪያ ማገር ይልቅ በቀላሉ ረዳት ያገኛሉ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የእያንዳንዱን ብሎክ ጉዳት በባለሙያ አስፈትሸው በቅደም ተከተል የያዘ ዝርዝር ካዘጋጁ፣ መዋጮውን ወደ አንገብጋቢው ሥራ መምራት ይችላሉ።

ማዘመን ሲባል

እድሳት የነበረውን መመለስ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤቱን ለዘመኑ ማብቃት ነው። በ1997 ዓ.ም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው በሳተላይት የታገዘ የፕላዝማ ትምህርት በዚህ ረገድ የሚተርፍ ልምድ አስገኝቷል። ስክሪኖቹ በስፋት ቢሰራጩም፣ የኤሌክትሪክ ኃይል መቆራረጥና የጥገና አቅም ውስንነት በብዙ ትምህርት ቤቶች አገልግሎታቸውን ገድቦታል። በአሁኑ ወቅት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በከፊል በበይነ መረብ መሰጠት በመጀመሩ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ጉዳይ የቅንጦት መሆኑ አብቅቷል። ግድግዳው ለእድሳት በተከፈተበት ጊዜ የኤሌክትሪክና የኔትወርክ ቱቦዎችን መቅበር ቀላል ወጪ ሲሆን፣ ከልስኑና ከቀለሙ በኋላ ማሰብ ግን የተሠራውን እንደገና ማፍረስን ያስከትላል።

የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነትም እንዲሁ ነው። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ከአዋጁ በፊት የተሠሩ ትምህርት ቤቶች ደረጃቸውን በተዳፋት መወጣጫ ለመተካት ከእድሳቱ የተሻለ አጋጣሚ አያገኙም። በአንጻሩ እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ባሉ ቀደምት ተቋማት ውስጥ የሚገኙ ታሪካዊ ሕንፃዎችን በተመለከተ ማዘመን ገደብ አለው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራ አስቀድሞ በሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲፈቀድ የሚያዝ በመሆኑ፣ ይህ የፈቃድ ጊዜ ከእቅዱ ውስጥ መካተት ይኖርበታል።

በአጠቃላይ ሲታይ በአገልግሎት ላይ ያለን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማደስ የሚጠይቀው ዋነኛ ጉዳይ የተለየ ቴክኖሎጂ ወይም ግዙፍ በጀት አይደለም። የዝናቡን፣ የበጀቱንና የትምህርቱን ጊዜ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አስቀምጦ አስቀድሞ ማቀድን ይጠይቃል። ዲዛይኑን ከአንድ ዓመት በፊት የሚያጠናቅቅ የትምህርት ቢሮ፣ ለተማሪዎች ደህንነት የሚወጣውን ወጪ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ የሚያካትት የግዥ ባለሙያ፣ ብሎክ በብሎክ የሚረከብ መሐንዲስና በግምገማው ላይ ድምፅ ያለው ርዕሰ መምህር በአንድነት ሲሠሩ፣ መማር ማስተማሩ ሳይቋረጥ ትምህርት ቤቱ ሊታደስ ይችላል። በየደረጃው የሚገኙ የትምህርት፣ የፋይናንስና የኮንስትራክሽን ዘርፍ ኃላፊዎች የ2019 በጀት ዓመትም ሆነ የቀጣዮቹ ዓመታት እቅዶቻቸውን ሲያዘጋጁ «ሥራው በሚካሄድበት ወቅት ተማሪዎቹ የት ይቀመጣሉ?» የሚለውን ጥያቄ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሊመልሱት ይገባል። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የትምህርት ቤቱን መታደስ የሚጠብቅበት ሌላ ዓመት የለውምና።